ከአንኮበር እስከ ባንሆፍሽትራሰ፦ የውድ ጫማ ዋጋ ከምን ይመነጫል?

አልፍሬድ ኢልግ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ የምህንድስና ትምህርቱን የጨረሰ የፍራውንፌልድ ተወላጅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1879 መጀመሪያ ከሁለት የአገሩ የእጅ ባለሙያዎች ጋር አንኮበር ሲገባ ድልድይ፣ መንገድና የውሃ መስመር ለመዘርጋት የመጣ መስሎት ነበር። ሲነገር እንደኖረው ግን የንጉሠ ሸዋ ምኒልክ የመጀመሪያ ትእዛዝ ጫማ ነበር። ኢልግ መሐንዲስ እንጂ ጫማ ሰፊ አለመሆኑን ቢያስረዳም ንጉሡ አልተቀበሉትም፤ እርሱም እንደምንም ሠርቶ አቀረበ። ቀጥሎ ጠመንጃ ታዘዘ። ከአውሮፓ ገዝቶ ማስመጣት በብዙ እንደሚረክስ ቢናገርም ትእዛዙ ጸና፤ ጠመንጃውም ተሠራ ይባላል።

ይህ ታሪክ ብዙውን ጊዜ የሚተረከው ለፈገግታ ነው። ነገሩን በጥሞና ላየው ግን ሁለት የተለያዩ የዋጋ አስተሳሰቦች የተጋጠሙበት ነው። መሐንዲሱ የሚያሰላው ዕቃው በገበያ የሚያወጣውን ነው፤ ንጉሡ የሚመዝኑት ዕቃውን መሥራት የሚችል እጅ በአገር ውስጥ መኖር አለመኖሩን ነው። ኢልግ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1894 የምድር ባቡሩን የሥራ ፈቃድ አገኘ፣ በ1897 የንጉሠ ነገሥቱ አማካሪነት ማዕረግ ተሰጠው፣ በ1916 ዙሪክ ውስጥ ዐረፈ። የጫማው ጥያቄ ግን መልስ አላገኘም። ዛሬ በዙሪክ ባንሆፍሽትራሰ ወይም በጄኔቫ ሩ ዱ ሮን በሱቅ መስታወት ፊት ቆሞ «ይህ ሁሉ ፍራንክ ለአንድ ጥንድ ጫማ?» የሚል ኢትዮጵያዊ ባለሙያ፣ ሳያውቀው ወደዚያው ክርክር ይገባል።

ለኢትዮጵያዊ ጫማ ከመጫሚያነቱ ይልቅ ማዕረግነቱ ይቀድም ነበር። ቃሉ ራሱ ይመሰክራል፦ «ጫማ» መጀመሪያ የውስጥ እግር ነው፣ መጫሚያው ስሙን የወረሰው ከገላው ነው። የዐድዋ ሠራዊት አብዛኛው በባዶ እግሩ ዘመተ፤ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ያሸነፈው በባዶ እግሩ ነው። (ይህን የመጨረሻውን እንደ ድህነት ምልክትም እንደ ጀግንነት ምልክትም የሚያነሡት አሉ፤ ሯጩ ግን የመረጠው ለእግሩ የተመቸውን ነበር።) ጫማ ያደረገ ሰው ሲከበር ቆዳውን የሚያለፋው ፋቂ ግን ይናቅ ነበር፣ በብዙ ስፍራም ርስት አይኖረውም ነበር። ሥራው የተናቀበት ዕቃ በአገር ውስጥ እንዴት ይሻሻላል? የምኒልክ ትእዛዝ ይህን ንቀት በአንድ ፈረንጅ እጅ ለመሻገር የተሞከረ ሙከራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዙሪክ ወደ ጄኔቫ የሚወስደው ባቡር አራውን አልፎ ኦልተን ከመድረሱ በፊት ሾነንቨርድ በምትባል ትንሽ ከተማ በኩል ያልፋል። ካርል ፍራንዝ ባሊ ከወንድሙ ጋር እ.ኤ.አ. በ1851 የጫማ ሥራ የጀመረው እዚያ ነው። ቤተሰቡ ቀድሞ ጥብጣብና ላስቲክ ያመርት ነበር። አፈ ታሪኩ ባሊ ፓሪስ ሄዶ የሚስቱን የእግር ቁጥር ስለማያውቅ በየቁጥሩ ገዝቶ መመለሱን፣ የፋብሪካውም ሐሳብ ከዚያ መፀነሱን ይናገራል። እውነተኛው ምክንያት ከዚህ ያነሰ ፍቅርና የበለጠ ስሌት ያለበት ይመስላል። በዘመኑ የስዊስ ገጠር በአነስተኛ ክፍያ ቤቱ ተቀምጦ የሚሰፋ ብዙ እጅ ነበረው፤ ባሊ ይህን እጅ ከአሜሪካ ከመጡ መስፊያ ማሽኖች ጋር አገናኘ፣ ምርቱንም እስከ ደቡብ አሜሪካ ሸጠ። ስዊዘርላንድ በጫማ ስሟ የታወቀው በርካሽ ጉልበት ጀምራ ነው፤ ውድነቱ ከሁለትና ከሦስት ትውልድ በኋላ የመጣ ነው። «ስክሪብ» የተሰኘው የታወቀ የወንዶች ጫማ የወጣው የመቶኛ ዓመት በዓሉ በተከበረበት በ1951 ነበር።

የኋላው ታሪክ አጭርና መራራ ነው። በ1970ዎቹ ኩባንያው ከቤተሰቡ እጅ ወጥቶ በፀረ አውሮፕላን መድፎቹ የሚታወቀው የዙሪኩ ኦርሊኮን ቡርለ ንብረት ሆነ። ከአንኮበር በኋላ ጫማና መሣሪያ በአንድ ጣሪያ ሥር እንደገና ተገናኙ ማለት ነው። በ1999 አንድ የአሜሪካ የኢንቨስትመንት ድርጅት ገዛው፣ በ2008 ደግሞ ለሌላ ተሸጠ፤ ማምረቻው ከሾነንቨርድ ወጥቶ ወደ ቲቺኖ ካንቶን ሄደ። ስሙ ግን በየመደብሩ መስታወት ላይ ቀረ። ገዢው ከሚከፍለው የተወሰነው ለስሙ እንጂ ለስፌቱ አለመሆኑን ለመረዳት ይህ ይበቃል።

ለስፌቱ የሚከፈለው ምንድን ነው? የአብዛኛው ርካሽ ጫማ ሶል በማስቲሽ የተጣበቀ ነው፤ ሶሉ ሲያልቅ ጫማውም ያልቃል። በውዱ ጫማ ዘንድ ቶማያው በፎርማ ላይ ከተወጠረ በኋላ ዙሪያውን ቀጭን የቆዳ ጠፍር ይሰፋበታል፤ ሶሉ የሚሰፋው ከዚያ ጠፍር ጋር ነው። ጉድይር በሚለው ስም የሚታወቀው ይህ አሠራር ቶማያውን ሳይጎዳ ሶሉን ደጋግሞ ለመቀየር ያስችላል። ጫማው የሚሸጠው እንግዲህ እንደሚታደስ ንብረት ነው።

ስሌቱን በምሳሌ መሞከር ይቻላል። አንድ ጥንድ በ600 ፍራንክ ተገዝቶ በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ በ120 ፍራንክ ሶሉ ቢቀየር በድምሩ 960፣ በዓመት 80 ፍራንክ ይሆናል። በየሁለት ዓመቱ የሚጣል የ150 ፍራንክ ጫማ በዓመት 75 ነው። ልዩነቱ ከቁብ የሚቆጠር አይደለም፤ ስለዚህ ውዱ ጫማ ገንዘብ ይቆጥባል የሚለው የሻጮች ስብከት ዙሪክ ላይ ብዙም አይጸናም፤ ዋጋው ከ1000 በላይ ሲወጣ ጨርሶ ይፈርሳል። ምክንያቱ ጫማው አይደለም፤ የጠጋኙ ደመወዝ ነው። ጉልበት ውድ በሆነበት አገር ጥገናም ውድ ነው፣ መጣልም ይረክሳል። ያው ጫማ አዲስ አበባ ቢሄድ ሒሳቡ ይገለበጣል፦ ጫማ ሰፊው በየሰፈሩ አለ፣ ታኮና ሶል መቀየር የዕለት ተዕለት ሥራ ነው፣ ሊስትሮውም ቆዳውን በቀለም ይንከባከባል። ተጠጋኝ ጫማ በእርግጥ የሚያዋጣው የመግዣው ገንዘብ በሌለበት አገር ነው።

ቆዳው ራሱ ሌላ ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ የበግና የፍየል ቆዳ፣ በተለይ የባቲ ፍየል፣ በዓለም የቆዳ ነጋዴዎች ዘንድ ስም ያለው ነው፤ የበጉ ቆዳ ለጓንት የተፈለገ ነው። የወንዶች መደበኛ ጫማ ቶማያ ግን በአብዛኛው የጥጃ ቆዳ ነው። የጥጃ ቆዳ የሚበዛው የወተት ኢኮኖሚ ባለበት ነው፤ የስዊስና የፈረንሳይ ገበሬ ለወተት የማይጠቅመውን ወንድ ጥጃ በለጋነቱ ለሥጋ ይሸጣል፣ ለስላሳውና እንከን የሌለው ቆዳ የዚያ ትርፍ ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ ወንዱን ጥጃ አያርድም፤ የነገ በሬው ነው። ላሚቱም ጥጃዋ ሳይጠባ ወተቷን አትለቅም። በሬው የሚታረደው ብዙ ዓመት አርሶ፣ ጅራፍና ቀንበር፣ እሾህና መዥገር በቆዳው ላይ ማኅተማቸውን ከተዉ በኋላ ነው። በበግና ፍየሉም ላይ «እከክ» የሚባለው የቆዳ ሕመም ደረጃውን ያወርደዋል። አገሪቱ በከብት ብዛት ከአፍሪካ ግንባር ቀደም ሆና ሳለ ጥሩ የጫማ ቆዳ የሚያጥራት በእርሻው ሥርዓት ምክንያት ነው፤ የፋብሪካ ማሽን ብቻውን ይህን አይፈታውም።

መንግሥት በ2000 ዓ.ም. በጥሬ ቆዳና ሌጦ የውጭ ሽያጭ ላይ 150 በመቶ ቀረጥ ሲጥል፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ግማሽ የለፋውን ቆዳ ሲጨምርበት፣ የሄደው በምኒልክ አስተሳሰብ ነው፦ ቢወደድም እዚህ ይሠራ። ዓላማው የሚነቀፍ አይደለም። የቻይናው ሁዋጂያን እ.ኤ.አ. በ2012 ዱከም አጠገብ ማምረት ሲጀምርም ፖሊሲው የተሳካ መሰለ። ነገር ግን ቀረጡ ያነጣጠረው በላኪውና በፋብሪካው ላይ ነበር። የቆዳው ጥራት የሚወሰነው ከዚያ በፊት ነው፤ በግጦሹ፣ በእንስሳት ሕክምናው፣ በዓመት በዓል ዕለት በየግቢው በሚያርደው ሰው ቢላዋ። በቢላዋ የተቀደደ ሌጦ ምንም ዓይነት ቀረጥ አይጠግነውም። የጥሬ ቆዳ የአገር ውስጥ ዋጋ ሲወድቅ ደግሞ አራጁ ለሌጦው መጠንቀቁን ይተዋል።

ጄኔቫ የዓለም ጤና ድርጅት መቀመጫ ናት፤ በዚያች ከተማ ስለ ኢትዮጵያውያን እግር የሚነሣው ጉዳይ ከሩ ዱ ሮን መስታወት የራቀ ነው። በደጋው ቀይ የእሳተ ገሞራ አፈር ላይ በባዶ እግር ለዓመታት መሥራት እግርን የሚያሳብጥ በሽታ ያመጣል። ሕዝቡ «ዝሆኔ» ይለዋል፤ የሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ነው። ትንኝ ከሚያስተላልፈው ዝሆኔ የተለየ መሆኑንና መንስኤው አፈሩ መሆኑን እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በኢትዮጵያ ባደረገው ጥናት አስረድቷል። ከአንድ ሚሊዮን በላይ ኢትዮጵያውያን እንደተጠቁ ይገመታል፤ ብዙዎቹ ከበሽታው በላይ መገለሉ ያሠቃያቸዋል፣ ትዳርም ትምህርትም ያስቀርባቸዋል። መከላከያው እግርን በየቀኑ በሳሙና መታጠብና ከልጅነት ጀምሮ ድፍን ጫማ ማድረግ ነው። ለዚህ የሚበቃው ጫማ የጥጃ ቆዳም ጠፍርም አይጠይቅም፤ በማስቲሽ የተጣበቀም ይሁን፣ አፈር የማያስገባና እርሻ ላይ የሚውል ከሆነ ይበቃል።