የዘር ሐረጋችን በብራና ኅዳግ ላይ

ደብረ ብርሃን ስንማር ከዶርም ጨዋታዎቻችን አንዱ «አንተ የማን ዘር ነህ?» ነበር። የመንዙም፣ የቡልጋውም፣ የአንኮበሩም ልጅ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ካልተወለድኩ ብሎ ድርቅ ይላል። ማስረጃ ሲጠየቅ ግን የሁላችንም መልስ «አያቴ ነግረውኛል» ነው።

አያቶቻችን ሰባት ቤት የሚቆጥሩት ለወግ ብቻ አልነበረም። በሰሜን ሸዋ ብዙ ቦታ ርስት ለመካፈል ከመጀመሪያው ባለርስት መወለድን ማስረዳት ግድ ነበር፤ ዘር የቆጠረ እርሻ ያገኛል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሲሆን ክርክሩ ቀረ፤ ቆጠራውም አብሮ እየላላ ሄደ። አዋጁን ለማማረር አይደለም፤ ግን ቆጣሪዎቹ እያለቁብን ነው።

ደግነቱ በዚያው ሰሞን ሌላ ሥራ ተጀምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 ቤተ ክህነት ከአሜሪካ ተቋማት ጋር ተስማምታ የብራና መጻሕፍትን በማይክሮፊልም ማንሳት ተጀመረ። ከ9,000 በላይ ተነሡ፤ ብዙዎቹ የሸዋ ናቸው። አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ወዳለው የሂል ቤተ መጻሕፍት ሄደ። እዚያ ለዓመታት ተቀምጠው ዝርዝሩን በማዘጋጀት የደከሙት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ የኛው የሸንኮራ ልጅ ነበሩ። ዛሬ ዝርዝሩም ብዙው ምስልም በነፃ ተመዝግቦ በኢንተርኔት ይታያል።

እንግዲህ የአያትን ስም ጽፎ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ እኔ አንድ ሳምንት ፈጅቼበታለሁ። መዝገቡ የሚያውቀው «ተአምረ ማርያም»ን፣ «ገድለ ተክለ ሃይማኖት»ን ነው። ሰዎቻችን ያሉት ባዶው ቅጠልና ኅዳጉ ላይ ነው፦ መጽሐፉን ማን አጻፈ፣ መሬቱን ማን ለደብሩ ሰጠ፣ ማን ሸጠ፣ ዋሱ ማን፣ ምስክሩስ። ስለዚህ መነሻው ቤተሰቡ የተጠመቀበትና የተቀበረበት ደብር ነው። ደግሞ መዝገቡ በአውራጃ ዘመን ስለተሠራ «ሰሜን ሸዋ ዞን» ብሎ መፈለግ አያዋጣም፤ «ተጉለትና ቡልጋ»፣ «መንዝና ግሼ»፣ «ይፋትና ጥሙጋ» ማለት ያሻል፤ ያውም በላቲን ፊደል።

የክርስትና ስም ሳይዙ መነሣትም ያው ነው። አገር በሌላ ስም የሚጠራው ሰው ብራና ላይ «ወልደ ሚካኤል» ሆኖ ይገኛል። ወልደ ሚካኤል ደግሞ ስንቱ! ቀኑም «በዘመነ ማርቆስ» ብቻ ሊሆን ይችላል፤ ማርቆስ በየአራት ዓመቱ ይመለሳል፤ የንጉሡ ወይም የደብሩ አለቃ ስም ካልታከለበት የትኛው ማርቆስ እንደሆነ አይለይም።

ሁሉም በደብር ብራና አይገኝም። የይፋት ሙስሊም ቤተሰቦች እ.ኤ.አ. በ1841 በእንግሊዝ መንግሥት ተልኮ አንኮበር የገባው ካፒቴን ሃሪስ በ1844 ያሳተማቸውን ሦስት ቅጾች ቢያዩ አይከፉም፤ ዛሬ ስካን ተደርገው ይገኛሉ። የይፋቱ ገዥ ወላስማ መሐመድም፣ የአሊዩ አምባ ገበያም እዚያ አሉ። ሃሪስ ማጋነን ይወዳል፤ ስሞቹንም እንደሰማቸው ነው የጻፈ፤ ጮክ ብሎ ማንበብ ይረዳል።

የሚከብደው ሌላ ነው። ኅዳግ ላይ በስሙ የሚጻፈው በአብዛኛው መሬት ያለው፣ የሚሰጥና የሚሸጥ ነው። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩ፣ በንጉሡ ግቢ ስትፈጭ የኖረችው ባሪያ ከነስማቸው እምብዛም አይገኙም። ዶርም ውስጥ «እኔ ከፈጪዋ እወለዳለሁ» ያለ አልነበረም፤ የፈጪዋ ልጆች ግን የት ሄዱ?

በመጨረሻ ኮምፒውተሩን ዘግቼ አንኮበር ላሉት የአያቴ እህት ደወልኩ። የክርስትና ስማቸውን ስጠይቃቸው ሳቁና «ምነው ልጄ፣ ፍትሐት ልታስደርግልኝ ነው?» አሉኝ። ከዚያ ነገሩኝ፤ የእናታቸውንም፣ የእናታቸውን እናትም።