ችግኝ ስለ ማጠንከር፤ ከጎንደር ከተማና ከሰሜን ደጋዎች የዛፍ ተከላ ታሪክ

በአማርኛ አንድ ተክል በተተከለበት ቦታ ሥር ሰድዶ ሲቀር «ጸደቀ» ይባላል። ቃሉ ለነፍስ ከሚነገረው ቃል ጋር አንድ ነው። ይህን ቃል ለተክል የሰጡ ሰዎች መትከልና መጽደቅ ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸውን ያወቁ ነበሩ። በዘመናችን ግን በየዓመቱ ሐምሌ ሲገባ የሚነገረን የተተከለው ቁጥር ነው፤ የጸደቀው ቁጥር የሚሰማው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለመግለጽ የምንሞክረው በሁለቱ መካከል ስለሚገኝና ብዙ ሰው ስለማያየው ሥራ፣ ማለት ችግኝን ከመደቡ ከማውጣት በፊት ስለ ማጠንከር ነው። ይህ ሥራ በጎንደር ከተማ ዙሪያና በወገራ፣ በዳባት፣ በደባርቅ ደጋዎች ለምን ችላ ተባለ የሚለውን ለመመለስ ወደ ኋላ መሄድ ያስፈልጋል።

አስቀድሞ የነገሩን ምንነት እንመልከት። በችግኝ ጣቢያ የሚፈላ ችግኝ በምቾት የሚያድግ ነው። በላዩ የሣር ዳስ ይጣልለታል፤ ጧትና ማታ ውኃ ይጠጣል፤ አፈሩ ከፍግና ከአሸዋ ጋር ተቀላቅሎ ይሰጠዋል። በዚህ ሁኔታ ያደገ ችግኝ ለዓይን ያማረ ነው፤ ቅጠሉ ሰፊና ለምለም፣ ግንዱ ረዥምና ለስላሳ ይሆናል። ነገር ግን ቅጠሉ ስስ ስለ ሆነ ውኃው ቶሎ ይተናል፤ ሥሩም ውኃ ፍለጋ ሩቅ መሄድን ያልለመደ ነው።

ችግኝን ማጠንከር ማለት ይህን ምቾት በጥቂት በጥቂቱ መቀነስ ነው። ከመተከሉ ስድስት ወይም ስምንት ሳምንት ያህል አስቀድሞ ዳሱ በመጀመሪያ ይሳሳል፣ ኋላም ፈጽሞ ይነሣል። በቀን ሁለት ጊዜ የነበረው ውኃ አንድ ጊዜ፣ ከዚያም በሁለትና በሦስት ቀን አንድ ጊዜ ይሆናል። ቅጠሉ በቀትር ጠውለግ ብሎ ማታ የሚመለስ ከሆነ መጠኑ ልክ ነው፤ ጧት ጠውልጎ ከተገኘ ግን ከልክ አልፏል። ፍግ መጨመርም ይቀራል። ፕላስቲኩ ከመደቡ ብድግ እየተደረገ ወደ መሬት የዘለቀው ሥር በየሁለት ሦስት ሳምንቱ ይቆረጣል፤ እንዲህ ሲደረግ ዋናው ሥር ይቆምና በፕላስቲኩ ውስጥ ብዙ ቀጫጭን ሥሮች ይበቅላሉ። በዚህ ጊዜ ውስጥ አዲስ የሚወጣው ቅጠል አነስ ብሎ ይወፍራል፤ ሰም የመሰለው ልባሱ ይጨምራል፤ በቅጠሉ ላይ የሚገኙት ጥቃቅን ቀዳዳዎች ድርቅ ሲሰማቸው ፈጥነው መዘጋትን ይለምዳሉ፤ ግንዱ ከአረንጓዴነት ወደ ቡናማነት ይለወጣል፤ ለእድገት ይውል የነበረው ስኳርም በግንዱና በሥሩ ይጠራቀማል። ለመተከል በሚወጣበት ዋዜማ ግን ጠግቦ መጠጣት አለበት። ማጠንከር ማስጠማት ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ችግኙን በመኪና ላይ ይገድለዋል።

ይህ ብልሃት በየአገሩ እንደ አየሩ ይለያያል። በስዊድንና በፊንላንድ የሚፈራው ብርድ ስለ ሆነ የጥድ ዓይነት ችግኞችን በጥቁር ሸራ እየሸፈኑ ቀኑን ያሳጥሩባቸዋል፤ ችግኙም ክረምት የመጣ መስሎት ማደጉን ያቆማል። በእኛ ዘንድ የሚፈራው በጋው ነው። 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በምትገኘው ጎንደር ዝናቡ በብዛት የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ነው። በሐምሌ የተተከለ ችግኝ በሁለት ወር ውስጥ ሥር ሰድዶ፣ ከዚያ በኋላ ሰባት ስምንት ወር ያህል ከዝናብ የሚረባ ነገር ሳያገኝ መቆየት አለበት። ወደ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ 2,800 ሜትር ከፍታ በምታልፈው በደባርቅ ደግሞ ከኅዳር እስከ ጥር የሌሊቱ ውርጭ ይጨመርበታል። በጎንደር ሙቀት ያደገ ለስላሳ ችግኝ በመኪና ተጭኖ ወደዚያ ሲወጣ የሚገጥመው ጥማትና ብርድ በአንድነት ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ማጠንከሪያው ጊዜ ግንቦት መሆን አለበት። ሰኔ ከገባ ዝናቡ ራሱ ያጠጣዋልና ማንም ሰው ውኃ ሊከለክለው አይችልም። ስለዚህ ነገሩን የሚወስነው በሐምሌ መሬት የሚቆፍረው ሕዝብ ሳይሆን በግንቦት ማጠጫውን የያዘው ሠራተኛ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ እንመለስ። በጎንደር ዛፍ መትከል አዲስ ነገር አይደለም። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ገደማ ከተማውን ከቆረቆሩ ከ130 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 1762 ዓ.ም. ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ በ1782 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ዋንዛ ይናገራል። በየቤቱ ዙሪያ ሁለት ሦስት ዋንዛ ተተክሎ ስለ ነበር ከተማው ከከፍታ ላይ ሲያዩት ጫካ ይመስል እንደ ነበር፣ ክረምቱም ሲያልቅ ዛፉ ሁሉ በአንድ ሌሊት ነጭ አበባ እያበበ ከተማውን በረዶ የወረደበት እንደሚያስመስለው ጽፏል። ይህንንም ሦስት ዓመት በተከታታይ አየሁ ይላል። ነገር ግን ሰውየው ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ስናር የሄደው በታኅሣሥ 1764 ዓ.ም. ስለ ሆነ በዚያ አገር ያገኘው መስከረም ሁለት ብቻ ነው። ብሩስ ቁጥር ሲያበዛ ይህ ብቸኛው ጊዜ አይደለም፤ የዛፎቹን መኖር ለመካድ ግን ምክንያት የለንም።

ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ዋንዛው የተተከለበት መንገድ ነው። የዋንዛን ፍሬ ወፍ፣ ዝንጀሮና ሰው ይበላዋል፤ ፍሬውም በየአጥሩና በየማሳው ዳር በራሱ ይበቅላል። ገበሬ ዋንዛ ሲፈልግ እንዲህ በራሱ የበቀለውን ትንሽ ተክል ከነአፈሩ አውጥቶ ወደ ደጁ ያዛውረዋል፤ ወይም በበቀለበት ቦታ ዙሪያውን አጥሮ ይጠብቀዋል። እንዲህ ያለው ተክል ዳስ ያልተጣለለት፣ ማጠጫ ያላየ፣ አንድ በጋ በፀሐይ የቆየ ነው። ማንም ሳያጠነክረው ጠንክሯል።

በየደብሩ ያለው ጽድና ወይራም እንደዚሁ ነው። ከጎንደር አጎራባች በሆነው በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናት ላይ ጥናት ያደረጉት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ያገኙት ውጤት ከዚህ ጋር ይስማማል። በደኑ ውስጥ የትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ተከፍቶ ብርሃን በሚገባበት ቦታ ችግኞቹ የተሻለ ያድጋሉ፤ ከብት የሚገባበት ደን ግን ተተኪ አያገኝም። ማለት በአሮጌው ዛፍ ሥር የሚበቅለው ችግኝ በመጀመሪያ ጥላ፣ ቀጥሎ ከፊል ብርሃን፣ በመጨረሻም ፀሐይ ያገኛል። የችግኝ ጣቢያ ሠራተኛ ዳሱን እያሳሳ የሚሠራው ይህንኑ በስምንት ሳምንት አሳጥሮ ነው። ጎንደር በ1859 ዓ.ም. በዐፄ ቴዎድሮስ፣ በ1880 ዓ.ም. በደርቡሽ ስትቃጠል የቤቱ ዛፍ ከቤቱ ጋር ጠባቂ አጣ። ከቃጠሎው የተረፈው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን እስከ ዛሬ ዙሪያውን በዛፍ ተከብቦ ይታያል።

ከዚህ በኋላ የመጣው ባሕር ዛፍ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን የገባው ይህ የአውስትራሊያ ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት አድኗል፤ ቀስ በቀስም ሰሜኑን ሁሉ አዳርሷል። ስለ ክፋቱና ስለ ደግነቱ ብዙ ተጽፏል፤ እኛ የምንለው አንድ ነገር ብቻ ነው። ባሕር ዛፍ ትዕግሥተኛ ነው። ገበሬው ሥሩን ራቁቱን ነቅሎ በሸክም ወስዶ ቢተክለው ብዙው ይጸድቃል፤ ከብትና ፍየል ቅጠሉን አይበሉትም፤ ቢቆረጥ ከጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ሁለት ሦስት ትውልድ ዛፍ መትከልን የተማረው ከዚህ ዛፍ ነው። ከእርሱ የተማረ ሰው ወይራ ሲተክል ያዝናል። የወይራ ፍሬ ቅርፊቱ ካልተሰበረ ቶሎ አይበቅልም፤ ከበቀለም በኋላ በዝግታ ያድጋል፤ ፍየል ከሩቅ ያሸተዋል። በእኔ አስተያየት ባሕር ዛፍ በመሬታችን ላይ ካደረሰው ጉዳት ይልቅ በልማዳችን ላይ ያደረሰው ይበልጣል፤ ችግኝ ሳይዘጋጅ ሊተከል ይችላል የሚል እምነት አስተምሮናልና።

ታላቁ ዘመቻ የመጣው በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ዓመታት ከደረሱት ረኃቦች ጋር ነው። በ1972 ዓ.ም. የደንና የዱር አራዊት ጥበቃ አዋጅ ወጣ፤ በዚያው ጊዜ የዓለም የምግብ ድርጅት የሚረዳው «ምግብ ለሥራ» የተባለው ታላቅ የመሬት ማዳን ሥራ ተጀመረ። ገበሬው እርከን ሲሠራ ወይም ችግኝ ሲተክል ለአንድ ቀን ሥራ 3 ኪሎ ስንዴና 120 ግራም ዘይት ይከፈለው ነበር። የችግኝ ጣቢያዎች በየወረዳው ተቋቋሙ፤ ችግኝ በፕላስቲክ ማፍላትም ተስፋፋ። ይህ ሥራ ከረኃብ ያዳነው ሰው ብዙ ስለ ሆነ ማቃለል አይገባም። ሆኖም ስንዴው የሚሰፈረው በተቆፈረው ጉድጓድና በተተከለው ችግኝ ቁጥር ነበር። በሚያዝያ ተራራውን ወጥቶ የቆመውን ለሚቆጥር ሰው ስንዴ አልተመደበም። እንዲህ ባለ ሥርዓት ውስጥ በግንቦት ውኃ የሚቀንስ ሠራተኛ ምን ያተርፋል?

በወገራ በአንድ የችግኝ ጣቢያ ብዙ ዓመት የሠሩ አዛውንት ያጫወቱኝ ይህንኑ ነው። «በርበሬ አፍልቼ አውቃለሁ ልጄ፤ በርበሬን ከመንቀል በፊት ውኃ ትከለክለዋለህ፣ አለዚያ ማሳው ላይ ይወድቅብሃል። ዛፉም ያው ነው ብዬ ግንቦት ላይ ዳሱን አነሣሁ። ተቆጣጣሪ መጥቶ ችግኙ ቀትር ላይ አንገቱን ደፍቶ አገኘው። ‹ጋሼ፣ ውኃ ማጠጣት አቁመዋል› ብሎ ጻፈብኝ። ከዚያ ወዲያ እስከ ሐምሌ አጠጣሁ፤ ማንም አልጻፈብኝም» አሉኝ። እኔም ደብተሩ ላይ የተጻፈው ምን እንደ ሆነ ስጠይቃቸው «ስንፍና» ብለው ሳቁ።

እኔ ራሴ ተማሪ ሳለሁ ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ተራራ ወጥቼ የተከልኋቸው ችግኞች ክንድ የሚያህሉ፣ የሚያምሩ ነበሩ። ከመካከላችን ፕላስቲኩን ሳያወልቅ የቀበረም ነበር። በታኅሣሥ በዚያ ስናልፍ የቀረው በየጉድጓዱ የቆመ ደረቅ እንጨት ነው። ሁላችንም ፍየሉን ተጠያቂ አደረግን፤ ግን የደረቀው እንጨት ቅርፊቱ እንኳ አልተነካም ነበር።

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ በየቦታው የነበረው የማኅበር ደን ባለቤት አጥቶ ብዙው ተቆረጠ። በ2000 ዓ.ም. ለአዲሱ ሺህ ዓመት፣ ቀጥሎም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ ዐሻራ ስም ታላላቅ ተከላዎች ተደረጉ፤ በሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ብቻ በመላ አገሪቱ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ እንደ ተተከለ መንግሥት አስታውቋል። ሕዝብ በአንድ ቀን ለአንድ ሥራ መውጣቱ የሚያስደስት ነው። ነገር ግን ማጠንከር የተከላውን ቀን ከስምንት ሳምንት በፊት ማወቅን ይጠይቃል። ቀኑ ዘግይቶ ሲቆረጥና የሚፈለገው ቁጥር በድንገት ሲጨመር፣ የደረሰውም ያልደረሰውም ችግኝ ባንድነት ይጫናል። ተከላው ወደ ነሐሴ ከተገፋ ደግሞ ሥር ለመስደድ የሚቀረው ዝናብ ጥቂት ሳምንት ነው።

ችግኙ ሳይጸድቅ ሲቀር የሚጠፋው የችግኙ ዋጋ ብቻ አይደለም። ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውኃ እንዲያከማች የተሠራው የአንገረብ ግድብ ከላይ ካለው የተራቆተ ተዳፋት በሚወርድ ደለል ሲጎዳ ኖሯል። በዚያ ተዳፋት ላይ የተቆፈረ ጉድጓድ ችግኙ ከደረቀበት ያለ ጥቅም የተነካ አፈር ሆኖ ይቀራል። ሲተክል የዋለ ገበሬም የዓመቱ ድካሙ ደርቆ ሲያይ በሚቀጥለው ዓመት የሚወጣው ስሙ እንዳይጻፍበት ብቻ ነው።

ሽማግሌው ያሉትን በዓይን ለማየት አንድ ቀላል ነገር ማድረግ ይቻላል። በአንድ ጣቢያ ከአንድ ዘር፣ በአንድ ቀን የተዘሩ ሁለት መደብ ወይራዎችን ወስዶ አንዱን በግንቦት ማጠንከር፣ ሁለተኛውን እንደ ተለመደው እስከ ሐምሌ ማጠጣት፤ ከዚያም ከአንገረብ በላይ ባለው ተዳፋት ላይ መደዳውን ተራ በተራ መትከልና በኅዳር፣ በጥር፣ በሚያዝያ መቁጠር ነው። ለዚህ የሚያስፈልገው ገመድ፣ በቀለም የተነከረ ችካልና አንድ ደብተር ነው። አዛውንቱን እንዲረዱን ጠይቄያቸው እሺ ብለዋል፤ ያቀረቡትም አንድ ቅድመ ሁኔታ ብቻ ነው፤ በደብተሩ ላይ ውኃ የቀነሱበት ቀን ከነምክንያቱ እንዲጻፍላቸው።