መስቀል ሲደርስ መርካቶ ለምን ጭር ይላል?

መስከረም አጋማሽ ላይ መርካቶ ብቅ ካላችሁ ነገሩ ግራ ያጋባችኋል። ሌላ ጊዜ መተላለፊያ የሚጠፋበት ተራ ጭር ብሎ፣ ብዙው ሱቅ ተቆልፎ ታያላችሁ። ባለሱቁ የት ሄደ ብትሉ መልሱ አጭር ነው፦ «አገር ቤት ገብቷል»። ይሄ ልማድ ከየት መጣ? ዛሬ እሱን እናያለን።

መርካቶና ጉራጌ

ድሮ የአዲስ አበባ ትልቁ ገበያ አራዳ፣ ጊዮርጊስ አካባቢ ነበር። ጣሊያን በወረራው ጊዜ (1928–1933 ዓ.ም) የአበሻውን ገበያ ከነጮቹ ሰፈር ለመለየት ብሎ ወደ ምዕራብ አዞረው። የዛሬው መርካቶ የተስፋፋው ከዚያ ወዲህ ነው።

ጉራጌዎች ግን ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ለሥራ ወደ ከተማው ይመጡ ነበር። ቁፋሮ፣ ሸክም፣ ሊስትሮ፣ ሱቅ በደረቴ፣ ከዚያ የራስ ሱቅ፤ የብዙዎቹ መንገድ ይሄ ነው። ወንዱ ከተማ ሲነግድ ሚስትና ቤተሰብ አገር ቤት ቀርተው እንሰቱን ይንከባከባሉ። ስለዚህ ቤቱ ሁሌም እዚያ ነው። በዓመት አንዴ ደግሞ መግባት ግድ ነው፤ ቀኑም መስቀል ነው። ሙስሊም ጉራጌዎችና ስልጤዎች በበኩላቸው ለአረፋ ይገባሉ።

በዓሉ እንዴት ይከበራል?

ዝግጅቱ ዓመቱን ሙሉ ነው። ወንዱ ለሰንጋው እቁብ ይጥላል። ሴቶች ደግሞ «ዊጆ» በሚባለው ማኅበር ቅቤ እያዋጡ በየተራ ይወስዳሉ። መስከረም 14 አካባቢ የጎመን ክትፎ የሚበላበት ደንጌሳት አለ። ቀጥሎ እርዱና ደመራው ይመጣል፤ ክትፎ፣ ቆጮ፣ አይብ በሽበሽ ነው። የተጣላ ይታረቃል፣ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ልጅ የሚዳረውም በዚሁ ሰሞን ይታጫል። በሶዶ ክስታኔ በኩል ከመስቀል በኋላ ወጣቶች ገበያ ላይ ተሰብስበው የሚጨፍሩበት፣ የሚተያዩበት «አዳብና» ይቀጥላል።

መግባቱ ከድግስም ያለፈ ነው። በ1950ዎቹ አዲስ አበባ ያሉ ጉራጌዎች ከኪሳቸው አዋጥተው አገራቸው መንገድ እንዲገባ የሚሠራ ድርጅት አቋቁመዋል። ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ ራሳቸው ጀመሩት ማለት ነው።

መመለስ ያልቻሉትስ?

በዓለም ላይ ከአገሩ የወጣ ሰው ሁሉ እንዲህ አይታደልም። ስኮትላንዶች በ18ኛውና 19ኛው ክፍለ ዘመን፣ ብዙዎቹም ከመሬታቸው ተፈናቅለው፣ ውቅያኖስ ተሻገሩ። መመለስ ሲከብድ ጨዋታውን ይዘው ሄዱ። ካናዳ ውስጥ አንቲጎኒሽ በምትባል ከተማ ከ1863 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የስኮትላንድ ባሕላዊ ውድድር ይካሄዳል። ጉልበተኞች ረጅም ግንድ ተሸክመው እየሮጡ ያሽቀነጥራሉ፤ ባለቀሚስ ወንዶች ዋሽንታቸውን ከነአቅማዳው ይነፋሉ።

የእኛዎቹም አሜሪካ ላይ ተመሳሳይ ነገር አድርገዋል። የኢትዮጵያ ስፖርት ፌዴሬሽን በሰሜን አሜሪካ ከ1984 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ ከተማ እየቀያየረ የእግር ኳስ ውድድር ያዘጋጃል። ኳሱ ምክንያት ነው። ብዙው ሰው የሚሄደው ለእንጀራው፣ ለሙዚቃውና ለዓመታት ያላየውን ጓደኛ ለማግኘት ነው።

እና የመርካቶ ልጆች?

ጥያቄው እዚህ ጋ ነው። አያት ከአገር ቤት መጣ፣ አባት በየዓመቱ ይገባል። መርካቶ የተወለደው ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ጉራጊኛ ቢሰማ እንኳ አይመልስም። ክትፎውንም አዲስ አበባ ውስጥ በየምግብ ቤቱ ያገኘዋል።

የመስቀል በዓል በ2006 ዓ.ም በዩኔስኮ የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ምዝገባው ጥሩ ነው፤ ግን ሽማግሌው ሲመርቅ «አሜን» የሚል ልጅ ከሌለ መዝገብ ብቻውን በዓል አያቆምም። ስኮትላንዶች ውቅያኖስ ተሻግረው ያላጡትን፣ እኛ የጥቂት ሰዓት የመኪና መንገድ ላይ እንዳንጥለው።

የዘንድሮ መስቀል ሲደርስ ቤተሰብ «እንግባ» ካለ አብራችሁ ግቡ። አያቶቻችሁን ጠይቁ፣ ስልካችሁን አውጥታችሁ ድምፃቸውን ቅረጹ። መግባት ያልቻላችሁ ደግሞ ከሩቅም ቢሆን ደውላችሁ ምርቃቱን ተቀበሉ።