በረኛው ማን ነበር?

ፒያሳ ላይ ማኪያቶ የሚያቀዘቅዝ ክርክር ብዙ ነው። ከማያረጁት አንዱ ግን ይህ ነው፦ በእግር ኳስ ሜዳ ላይ ካሉት አሥራ አንድ ቦታዎች የትኛው ይበልጣል? ከባንክ ሥራዬ ስወጣ ጎራ በምልበት ጠባብ ቡና ቤት ውስጥ ይህን ጥያቄ ለዓመታት ሰምቼዋለሁ። ቡና ቤቱ በ2016 ዓ.ም. ከብዙ የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ጋር ፈርሷል፤ ተከራካሪዎቹ ግን ሌላ ጠረጴዛ ፈልገው ጥያቄያቸውን ይዘው ተሻገሩ።

የአጥቂው ወገን ሁልጊዜም ብዙ ነው። «ጎል የሌለው ጨዋታ ሩጫ ብቻ ነው» ይላል። የመሃል ሜዳው ወገን በቁጥር ያነሰ፣ በንግግር ግን የበሰለ ነው፤ ኳስ ሳትደርሰው አጥቂ ምን ያደርጋል ብሎ ይጠይቃል። የበረኛው ወገን ደግሞ ብሶተኛ ነው። አጥቂ አሥር ጊዜ ስቶ አንድ ጊዜ ቢያገባ ይታቀፋል፤ በረኛ አሥር ጊዜ አድኖ አንድ ጊዜ ቢስት ይረገማል። በልጅነታችን በጨርቅ ኳስ ስንጫወት እንኳ አጥቂ የሚሆነው የኳሱ ባለቤት ነበር፤ በረኛ የሚሆነው ደግሞ መሮጥ የማይችለው ወይም ዘግይቶ የመጣው። ዓለምም ከሰፈራችን ብዙ አልተሻለችም፤ እ.ኤ.አ. ከ1956 ጀምሮ ሲሰጥ በኖረው የወንዶች ባሎን ዶር ሽልማት ያሸነፈ ግብ ጠባቂ የሶቪየቱ ሌቭ ያሺን ብቻ ነው፤ እርሱም በ1963።

የቦታ ክብር በእግር ብቻ የሚወሰን አይደለም። በቀድሞው አሰላለፍ አምስት አጥቂዎች ፊት ሲቆሙ የቡድኑ ልብ የመሃል አማካዩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1925 የኦፍሳይድ ሕግ ተለወጠ፤ አጥቂው ከፊቱ ሊኖሩት የሚገቡት ተጋጣሚዎች ከሦስት ወደ ሁለት ዝቅ አሉ። የአርሴናሉ አሰልጣኝ ኸርበርት ቻፕማን ያንን የመሃል ሰው ወደ ኋላ ስቦ በተከላካዮቹ መካከል አቆመው። ትናንት የቡድኑ ልብ የነበረው ሰው ዛሬ አጥር ሆነ። ይህን ያደረገው የማንም ካልቾ አልነበረም፤ ብዕር ነበር።

ወደ አገራችን ስንመጣ ክርክሩ ሁሉ መጨረሻው ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ስታዲየም ኢትዮጵያ ከግብፅ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ተገናኙ። ግብፆች ሁለት ጊዜ መሩ፤ ሁለት ጊዜም አቻ ተደረጉ፤ መጀመሪያ በግርማ ተክሌ፣ ቀጥሎም መደበኛው ጊዜ ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ በአምበሉ በሉቻኖ ቫሳሎ። በተጨማሪው ሰዓት የሉቻኖ ወንድም ኢታሎ ሦስተኛውን፣ የቅዱስ ጊዮርጊሱ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። 4 ለ2። የአጥቂው ወገን ይህን ሲቆጥር ጠረጴዛ ይመታል፤ የመሃል ሜዳው ወገን ሉቻኖን ያነሣል፤ የበረኛው ወገንም ግብ ጠባቂውን ጊላሚካኤልን ይጠራል። ሁሉም ከአንዱ ጨዋታ ማስረጃ ስለሚያገኝ ማንም አይረታም።

አንድ ማታ ግን ከማዕዘኑ ዝም ብለው የሚቀመጡ አንድ አዛውንት ጣልቃ ገቡ። «ልጆች፣ በረኛው ይበልጣል» አሉ። የበረኛው ወገን በደስታ ሲጮህ እጃቸውን አነሡ። «የጎሉን አላልኩም። የሜዳውን በር የሚጠብቀውን ነው የምለው። ማን ይግባ፣ ማን ይቅር የሚለውን።»

ሰምና ወርቁን ለመለየት ቤቴ እስክደርስ ጊዜ ወሰደብኝ። ከዚያ ወዲህ የዚህን ሰፈር ታሪክ ሳስብ አዛውንቱ ያሉት በረኛ በየዘመኑ ቆሞ ይታየኛል።

የቅዱስ ጊዮርጊስ ክለብ በ1928 ዓ.ም. አራዳ ላይ ሲመሠረት ጥንስሱን የጣሉት አየለ አትናሽና የግሪክ ዘር ያለው ጆርጅ ዱካስ ነበሩ። ኳሱ የማንንም ዘር ሳይጠይቅ ጀመረ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ሚያዝያ 27 ቀን የኢጣልያ ጦር ከተማዋን ያዘ። ወራሪው ነጭና ጥቁር ተለያይተው እንዲኖሩ ደነገገ፤ ከአራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ የነበረውን ታላቁን ገበያ አንሥቶ ወደ ምዕራብ ወሰደውና የ«አገሬው» ገበያ አለው፤ የዛሬው መርካቶ ነው። አራዳም ፒያሳ ተባለ። ክለቡም ስሙን ተነጠቀ፤ በፋሽስቱ የበትር እስር ምልክት ተሰይሞ «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ተባለ። ያን ጊዜ ከአጥቂና ከተከላካይ ማን ይበልጣል ብሎ የሚከራከር ቢኖር በሩ ላይ የቆመው ወታደር በሣቀበት ነበር።

ከነጻነት በኋላ በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሻምፒዮና ሲካሄድ አምስት ቡድኖች ተሰለፉ፦ የኢትዮጵያውያኑ ጊዮርጊስ፣ የኢጣልያኖቹ ፎርቲቱዶ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስና የእንግሊዝ ወታደራዊ ሚሲዮን። ዋንጫውን ሚሲዮኑ ወሰደ። ቢሆንም ትናንት በሕግ ተለያይተው የነበሩ ሰዎች በአንድ ሜዳ ተጋጠሙ። እያንዳንዱ በየራሱ በር ቢገባም ሜዳው አንድ ነበር።

የካቲት 1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት በሩ እንደገና ጥያቄ ሆነ። መሥራቾቹ ግብፅ፣ ሱዳን፣ ኢትዮጵያና ደቡብ አፍሪካ ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ግን ነጮችን ብቻ ወይም ጥቁሮችን ብቻ እንጂ የተቀላቀለ ቡድን አልልክም አለች፤ ከውድድሩም ውጭ ሆነች። ከእርሷ ጋር ተደልድላ የነበረችው ኢትዮጵያ ሳትጫወት ለፍጻሜ አለፈች፤ በግብፅም 4 ለ0 ተሸነፈች። በውጤት መዝገብ ላይ ይህ ሽንፈት ነው። እኔ ግን ከዚያ ውድድር ትልቁ ነገር ከጨዋታው በፊት በሩ ላይ የተደረገው ይመስለኛል።

አሁን ወደ ጥር 1954 እንመለስ። አምበሉ ሉቻኖ ከወንድሙ ጋር አሥመራ ያደገ፣ ከኢጣልያዊ አባትና ከኤርትራዊት እናት የተወለደ ነበር። ሉቻኖ ገና ሕፃን ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1940፣ የወጣው የፋሽስት ሕግ እንደ እርሱ ያሉ ልጆች በነጭ አባታቸው እንዳይታወቁ ይከለክል ነበር። በአንድ በር የተዘጋበት ያ ልጅ ነው ኢትዮጵያን በአምበልነት መርቶ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ዋንጫውን የተቀበለው። በ2015 ዓ.ም. መግቢያ በስደት አገሩ በኢጣልያ አረፈ።

ቡድኑን ያሰለጠኑት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ። በ1914 ዓ.ም. ጅማ የተወለዱት ይድነቃቸው፣ ድምፃቸውን ጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹት የባለቅኔው የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ልጅ ናቸው። በጊዮርጊስ ማልያ ከሃያ ዓመት በላይ ተጫውተዋል። ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ ነሐሴ 1979 እስካረፉ ድረስ ደግሞ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ፕሬዚዳንት ነበሩ፤ ከአፓርታይድ ጋር የተደረገውን የስፖርት ትግል ከመሩት አንዱ ናቸው። ደቡብ አፍሪካ ከፊፋ የተባረረችውም በእርሳቸው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ጎል ያገባ የነበረው ሰው በስተርጅናው በር ላይ ቆመ፤ ዘር የሚለየውን በር በራሱ ላይ ለመዝጋት። አባቱ ይህን ቢሰሙ ኖሮ «በረኛ» ከምትለው ቃል ስንት ቅኔ ባወጡባት ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ ሌሎች ብቻ ስላልሆነ ነው። ባለፈው ሳምንት አንድ ሽማግሌ ገንዘብ ሊያወጡ ወደ መስኮቴ መጡ። መታወቂያቸው ላይ ያለው የአባት ስም ከደብተራቸው በአንድ ፊደል ይለያል። ደንቡን ነግሬ መለስኋቸው። አለቃዬን ጠይቄ ጉዳያቸውን መፈጸም እችል እንደነበር ያወቅሁት ከሄዱ በኋላ ነው። «እሺ ልጄ» ብለው ወጡ፤ አልተቆጡም። ብዙ በር ያየ ሰው ቶሎ አይቆጣም።

ማታ ወደ አዲሱ ቡና ቤታችን ስሄድ ክርክሩ እንደ ወትሮው ደምቋል። አጥቂ ይበልጣል፣ አማካይ ይበልጣል። «አንተስ?» አሉኝ። ሽማግሌው ትዝ አሉኝና «እኔ በረኛ ነኝ» አልኩ፤ የበረኛው ወገን አንድ ሰው ጨመርን ብሎ አጨበጨበ።