የምግብ ዝግጅት ማሰልጠኛ ተቋም ሲመረጥ ሊረጋገጡ የሚገባቸው ጉዳዮች

ሆቴሎች፣ ምግብ ቤቶች፣ ሆስፒታሎችና የዩኒቨርሲቲ መመገቢያ አዳራሾች በምግብ ዝግጅት የሰለጠነ የሰው ኃይል ይፈልጋሉ። ስልጠናውን የሚሰጡ የመንግሥትና የግል ተቋማትም በተለያዩ ከተሞች ይገኛሉ። ይሁን እንጂ ሁሉም ተቋም በሁሉም ደረጃ ለማሰልጠን አልተፈቀደለትም። ባልተፈቀደ ስልጠና የተመዘገበ ሰው ገንዘቡንና ጊዜውን ካወጣ በኋላ ለብቃት ምዘና ለመቅረብም ሆነ ለመቀጠር ሊቸገር ይችላል። ስለሆነም ማጣራቱ ከምዝገባ ክፍያ በፊት መከናወን ይኖርበታል።

1. የስልጠናውን ዓይነት መለየት

መደበኛው የቴክኒክና ሙያ ስልጠና በሙያ ደረጃ መስፈርት ላይ ተመሥርቶ ከደረጃ 1 ጀምሮ በየደረጃው ይሰጣል። ዝቅተኛዎቹ ደረጃዎች በኃላፊ ክትትል ሥር ለሚከናወኑ መሠረታዊ የወጥ ቤት ሥራዎች ያበቃሉ። ከፍተኛዎቹ ደግሞ የምግብ ዝርዝር ማቀድን፣ ወጪ ማስላትንና ሠራተኛ መምራትን ይጨምራሉ። በጥቂት ሳምንታት የሚጠናቀቅ አጭር ስልጠና ለቤት ውስጥ አገልግሎት ወይም ለአነስተኛ ንግድ ሊጠቅም ቢችልም የደረጃ ስልጠናን አይተካም። አመልካቹ የሚመዘገብበት ስልጠና ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ማረጋገጥ ይገባዋል።

2. የዕውቅና ፈቃድን ማረጋገጥ

የንግድ ፈቃድ የዕውቅና ፈቃድን አይተካም። የዕውቅና ፈቃድ የሚሰጠውም ለተቋሙ ስም ብቻ ሳይሆን ለተወሰነ የሙያ መስክ፣ ደረጃና ማሰልጠኛ ቦታ ነው። በአንድ ቅርንጫፍ በደረጃ 2 እንዲያሰለጥን የተፈቀደለት ተቋም በዚሁ ፈቃድ በሌላ ቅርንጫፍ ወይም በደረጃ 4 ማሰልጠን አይችልም። አመልካቹ ፈቃዱን ሲመለከት የሚከተሉትን ማስተዋል አለበት፦

• የሙያ መስኩ የምግብ ዝግጅት መሆኑን፤
• ደረጃው ከሚመዘገብበት ደረጃ ጋር አንድ መሆኑን፤
• አድራሻው ስልጠናው የሚሰጥበት ቦታ መሆኑን፤
• የአገልግሎት ጊዜው ያላለፈ መሆኑን።

ጥርጣሬ ካለ በየክልሉና በከተማ አስተዳደሩ የስልጠና ጥራትን የሚቆጣጠረውን አካል መጠየቅ ይቻላል።

3. የተግባር ስልጠናውን በአካል ማየት

ምግብ ዝግጅት በእጅ የሚለመድ ሙያ ነው። አመልካቹ ተቋሙን የተግባር ልምምድ በሚካሄድበት ሰዓት ቢጎበኝ ይመረጣል። በጉብኝቱም በአንድ ምድጃ ስንት ሰልጣኞች እንደሚሠሩ፣ ሰልጣኞቹ ራሳቸው የሚያበስሉ ወይም አሰልጣኙን ብቻ የሚመለከቱ መሆናቸውን ማየት ያስፈልጋል። የማያቋርጥ ውኃ፣ የእጅ መታጠቢያ፣ ማቀዝቀዣ፣ የጭስ መውጫና የእሳት ማጥፊያ መኖራቸውም መታየት አለበት።

የምግብ ደህንነት የስልጠናው ዋና አካል ነው። ጥሬ ሥጋና የበሰለ ምግብ በተለያየ መክተፊያ መዘጋጀታቸው፣ በቀላሉ የሚበላሽ ምግብ ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሙቀት ውስጥ ለረጅም ሰዓት እንዳይቆይ መደረጉ በተግባር ሊታይ የሚችል ነው። የምግብ ቴርሞሜትር የሌለው የልምምድ ወጥ ቤት ይህን በአግባቡ ለማስተማር ይቸገራል። በጾም ወቅት በርካታ ሆቴሎች የፍስክና የጾም ምግብ ጎን ለጎን ስለሚያቀርቡ ዕቃን ለይቶ መጠቀምና የጾም ምግብ አዘገጃጀት በስልጠናው መካተታቸውን መጠየቅም ተገቢ ነው።

4. የትብብር ስልጠና

ሰልጣኙ ከተቋሙ ውጭ በሆቴል ወይም በምግብ ቤት የሚሠራበት የትብብር ስልጠና የትምህርቱ አካል ነው። ተቋሙ ከየትኞቹ ድርጅቶች ጋር ስምምነት እንዳለው፣ ቆይታው ምን ያህል እንደሆነና ሰልጣኙን በሥራ ቦታ የሚከታተለው ማን እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ቦታውን ሰልጣኙ ራሱ እንዲፈልግ የሚደረግ ከሆነ ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

5. ክፍያና ውል

ከወርሃዊ ክፍያው በተጨማሪ ለልምምድ ግብዓት፣ ለደንብ ልብስ፣ ለቢላዋና ለምዘና የሚጠየቀው ገንዘብ ተዘርዝሮ በጽሑፍ መቅረብ አለበት። ሰልጣኙ ቢያቋርጥ ገንዘቡ የሚመለስበት ሁኔታም በውሉ ሊሰፍር ይገባል። ለእያንዳንዱ ክፍያ ሕጋዊ ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል።

ሠራተኛን ወደ ውጭ አገር መላክ ራሱን የቻለ ፈቃድ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በመሆኑም የውጭ አገር ሥራ እንደሚያስገኝ ቃል በመግባት ተጨማሪ ገንዘብ የሚጠይቅ ማሰልጠኛ ተቋም ሲያጋጥም ከክፍያ በፊት ለሚመለከተው የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ማሳወቅ ይገባል።

6. የብቃት ምዘና

የማሰልጠኛ ተቋሙ ምስክር ወረቀት ስልጠናው መጠናቀቁን ብቻ ያሳያል። የሙያ ብቃት ማረጋገጫ የሚሰጠው የጽሑፍና የተግባር ምዘናውን ላለፈ ተመዛኝ ነው። ስለዚህ ከዚህ ቀደም ከሰለጠኑት መካከል ምን ያህሉ ለምዘና ቀርበው እንዳለፉ ተቋሙን መጠየቅ ከማስታወቂያው ይልቅ ስለ ጥራቱ የተሻለ መረጃ ይሰጣል። ሙያውን በሥራ ላይ የተማረና በቂ ልምድ ያለው ሰውም ልምዱን አረጋግጦ ለምዘና ማመልከት ስለሚችል ለስልጠና ከመክፈሉ በፊት ይህን አማራጭ ማጤን ይጠቅመዋል።

7. አቤቱታ

በውሉ ያልተፈጸመ ጉዳይ ሲኖር ሰልጣኙ በቅድሚያ ለተቋሙ በጽሑፍ ያመለክታል። ምላሽ ካላገኘ የውሉን ቅጂ፣ ደረሰኞቹንና ያቀረበውን ማመልከቻ አያይዞ ፈቃዱን ለሰጠው አካል አቤቱታውን ማቅረብ ይችላል።