ስለ ፍሬቻና ስለ ማኖቬላ፤ ዕቃው አልፎ ስሙ የቀረ

ዛሬ በዐዲስ አበባ ጐዳና መኪና የሚነዳ ሰው ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ሊታጠፍ ባሰበ ጊዜ ፍሬቻ ያሳያል። ፍሬቻ የሚባለውም በመኪናው ማዕዘን ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ቢጫ መብራት ነው። ቃሉ የኢጣልያ ቋንቋ ሲሆን ትርጓሜው ፍላጻ ማለት ነው። ነገር ግን ያንን መብራት አስተውሎ ቢመለከቱት ከፍላጻ ጋራ የሚያመሳስለው አንዳች ነገር የለበትም። ጫፉ አልሾለም፤ ክንፍ የለውም፤ ከደጋንም አይወጣም። እንግዲህ ስሙ ከወዴት መጣ ቢሉ፥ ከጠፋ ዕቃ መጣ።

በኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1930 ወዲህ እስከ 1950ዎቹ ዓመታት ድረስ በተሠሩት ብዙ መኪኖች ላይ፥ በበሩ አጠገብ በቆመው ዐምድ ውስጥ አንድ ስንዝር ያህል ርዝመት ያለው ቀጭን ክንድ ተሸሽጎ ይቀመጥ ነበር። ሹፌሩ ማብሪያውን በነካ ጊዜ ኤሌክትሪክ በተጠቀለለ ሽቦ ውስጥ ያልፋል፤ ሽቦውም እንደ ማግኔት ሆኖ ብረቱን ይስባል፤ ያን ጊዜ ክንዱ ከተሸሸገበት ተነሥቶ ወደ ጐን ይዘረጋል፤ በውስጡም ትንሽ አምፑል ይበራል። መኪናው ወደ ቀኝ የሚሄድ እንደ ሆነ በቀኙ፥ ወደ ግራ የሚሄድ እንደ ሆነ በግራው ይወጣል። መልኩ ፍላጻ ስለሚመስል ኢጣልያኖች ፍሬቻ አሉት። የጀርመኑ ቮልስዋገን በኤውሮፓ እስከ 1960 ድረስ ይህን ክንድ ይዞ ቈይቷል።

ክንዱ ጉድለት አላጣውም። ብርድ በጸና ጊዜ ይጣበቃል፤ ዝገት ሲይዘው አልወጣም ይላል፤ ሹፌሩም ዐምዱን በጡጫ እየመታ ያስወጣዋል። ወጥቶ ሳለ መንገደኛ ቢገፋው ይሰበራል። ስለዚህ ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት ተተካበት፤ መተካቱም የተገባ ነበር። ነገር ግን መብራቱ ምን ማለት እንደ ሆነ ሰው ሊማረው ያስፈልጋል፤ ክንዱን ግን መኪና አይቶ የማያውቅ ባላገር እንኳ ሳይነግሩት ያውቀዋል፤ እጁን ዘርግቶ መንገድ የሚያሳይ ሰው ይመስላልና።

አንጥረኛ ወርቅ ሊያፈስስ ባሰበ ጊዜ አስቀድሞ ምስሉን በሰም ያበጃል፤ በሰሙም ላይ ጭቃ ይለብጣል፤ ከዚያ በእሳት ሲያሞቀው ሰሙ ቀልጦ ይወጣል፤ ወርቁም በባዶው ስፍራ ገብቶ የሰሙን መልክ ይዞ ይቀራል። የቅኔ መምህራን ሰምና ወርቅ የሚለውን ስም የወሰዱት ከዚህ ነው። በፍሬቻ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። የብረቱ ክንድ ቀልጦ ሄደ፤ ቃሉ ግን የክንዱን መልክ ይዞ በሹፌሮች አፍ ቀረ። የጋራዥን ቋንቋ ለሚመረምር ሰው እንዲህ ያለው ነገር አንድ ብቻ አይደለም።

ኦቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1900 ዓመተ ምሕረት በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። የምድር ባቡሩ ገና ድሬ ዳዋ ላይ ቆሞ ሳለ ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ሲድሌይ የተባለውን መኪና ከጅቡቲ እየነዳ ዐዲስ አበባ አገባ። በዚያው ወራት ሆልትስ የሚባል ጀርመናዊም ሌላ መኪና አመጣ። የጋራዡ ቃል በብዛት የመጣው ግን ከዚያ በኋላ፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓመተ ምሕረት በነበረው የወረራ ዘመን ነው። ጠላት በካሚዮን መጣ፤ ካሚዮኑን የሚጠግንም መካኒክ አብሮት መጣ። ከድል በኋላ ብዙ ኢጣልያን መካኒኮች በአገሩ ቀርተው የኢትዮጵያን ልጆች ሥራ አስተማሩ። ጠላት በመሣሪያ ገብቶ በመሣሪያ ወጣ፤ ቃሉ ግን በጋራዥ ውስጥ እጁን በቅባት ነክሮ ተቀመጠ። ጎማ፥ ካንዴላ፥ ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ሰልባትዮ፥ ማርሚታ የሚሉት ሁሉ ከዚያ ወገን ናቸው። ካንዴላ ሻማ ማለት ነው፤ ማርሚታም ድስት ማለት ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ብዙ ነገር የሚናገረው ማኖቬላ ነው። ማኖቬላ ማለት ሞተሩን በእጅ አዙሮ የሚያስነሣ የተቈለመመ ብረት ነው። የዛሬ ሹፌር ቍልፍ ያዞራል፤ ሌላውም በጣቱ ጫፍ አንድ ነገር ይነካል፤ ሞተሩ ይነሣል። የቀድሞው ሹፌር ግን ሞተር ለማስነሣት ሥርዐት ነበረው። ከ1908 እስከ 1927 ከ15 ሚሊዮን በላይ ሆኖ የተሠራውን ፎርድ ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና ለምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በመሪው ሥር ሁለት ትንንሽ ዘንጎች አሉ፤ የግራው እሳቱ የሚበራበትን ጊዜ የሚያፈጥንና የሚያዘገይ ነው፤ የቀኙ ቤንዚኑን የሚያበዛና የሚያሳንስ ነው። ሹፌሩ የእጅ ፍሬኑን ይይዛል፤ የግራውን ዘንግ ወደ ላይ ገፍቶ እሳቱን ያዘገያል፤ የቀኙን ጥቂት ይከፍታል፤ ከዚያም ወርዶ ወደ መኪናው ፊት ይሄዳል። በራዲያተሩ አጠገብ ያለውን ሽቦ በአንድ እጁ ስቦ አየሩን ያፍናል፤ በሌላው እጁ ማኖቬላውን ይዞ ከታች ወደ ላይ ይስባል። አውራ ጣቱንም ከአራቱ ጣቶቹ ጋራ በአንድ ወገን ያደርጋል እንጂ ብረቱን ዙሪያውን አይጨብጥም።

የአውራ ጣቱ ነገር ስለ ምን ነው ቢሉ፥ እሳቱን ማዘግየት የረሳ ሰው ሞተሩ ወደ ኋላ ይመታዋልና ነው። ብረቱ በድንገት ተመልሶ የጨበጠውን እጅ ይሰብራል። ይህ ከመብዛቱ የተነሣ ሐኪሞች በእጅ አንጓ አጠገብ በአውራ ጣት ወገን ያለው አጥንት ሲሰበር «የሹፌር ስብራት» ብለው ሰየሙት። ዛሬም በሐኪም ቤት ስሙ ይኸው ነው። በክረምት አዳልጦት በእጁ ላይ የወደቀ ተማሪ፥ መሪ ጨብጦ የማያውቅ ቢሆን እንኳ፥ በካርዱ ላይ የሹፌር ስብራት ተብሎ ይጻፍበታል።

ማኖቬላን የሻረው ቻርልስ ኬተሪንግ የሚባል አሜሪካዊ ነው። በ1911 ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር አበጅቶ ትልቁን ሞተር እንዲያስነሣ አደረገ፤ በ1912 ሞዴልም ካዲላክ መኪና ላይ ገባ። ኢጣልያኖች ይህን ሞተሪኖ፥ ማለት ትንሹ ሞተር አሉት፤ የኢትዮጵያም መካኒክ ሞተሪኖ ይለዋል። በማኖቬላ ናፍቆት የሚያለቅስ ቢኖር እጁ ያልተሰበረበት ሰው መሆን አለበት።

ያው ሞዴል ቲ ሌላም ጠባይ ነበረው። ቤንዚን የሚገፋ ፓምፕ የለውም፤ ሰልባትዮው ከመቀመጫው ሥር ተቀምጦ ቤንዚኑ በክብደቱ ብቻ ወደ ሞተሩ ይወርዳል። እጅግ የቆመ ዳገት በሆነ ጊዜ ከፊት ያለው ሞተር ከሰልባትዮው በላይ ይሆናል፤ ቤንዚንም ሽቅብ አይፈስምና ሞተሩ ይጠፋል። ስለዚህ ሹፌሩ መኪናውን አዙሮ ዳገቱን በኋሊት ማርሽ ይወጣዋል። ይህን ከሩቅ የሚያይ ሰው ሹፌሩ አብዷል ሳይል አይቀርም፤ ሹፌሩ ግን የመኪናውን ሆድ ዕቃ እንደ እጁ መዳፍ ስለሚያውቅ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ዛሬ ሰልባትዮው የት እንዳለ ሳያውቅ ዐሥር ዓመት የሚነዳ ብዙ ነው።

ክላክስ የሚባለውም የማስጠንቀቂያ ድምፅ መጀመሪያ የአንድ ዕቃ የንግድ ስም ነበረ። በመጀመሪያ መኪኖች የላስቲክ ጕንጭ ያለው ጡሩምባ ነበራቸው፤ ሹፌሩ ጕንጩን በእጁ ሲጨምቀው ይጮኻል። በ1908 በአሜሪካ አገር ክላክሰን የተባለው ወጣ፤ ስሙን ያወጡለት ሰዎች «እጮኻለሁ» ከሚል የግሪክ ቃል ወሰዱት። በውስጡ ጥርስ ያለው መንኰራኵር እየዞረ አንዱን ስስ ብረት ይገጨዋል፤ ድምፁም ከጕሮሮ ተነሥቶ ከፍ ብሎ ተመልሶ የሚወርድ ጩኸት ነው። ያ ድምፅ ከጠፋ ብዙ ዘመን ነው፤ ዛሬ የሚሰማው ሌላ ድምፅ ነው፤ ስሙ ግን አልተለወጠም።

ፍሬን የሚለው ቃል ደግሞ ከመኪና በፊት የበቅሎና የፈረስ ነበረ፤ በላቲን ፍሬኑም ልጓም ማለት ነው። ባሌስትራ የመኪናውን አካል የሚሸከመው የተደራረበ ብረት ሲሆን በኢጣልያ ቋንቋ የጦር መሣሪያ የሆነው ቀስት ስም ነው፤ መጕበጡ ቀስት ያስመስለዋልና። አንድ ቃል ሁለት ነገር ሲይዝ ባለ ቅኔ ኅብር ይለዋል። ሹፌርም በፈረንሳይ ቋንቋ አሟቂ፥ እሳት አንዳጅ ማለት ነው፤ በእንፋሎት የሚሠራ ሞተር እሳት እያነደዱ ያሞቁ ከነበሩት ሰዎች ወረደ። ዛሬ ምንም የማያነድ ሰው አንዳጅ ተብሎ ይጠራል።

የካሚዮኑ ነገር ከትንሹ መኪና ይልቅ ጥልቅ ነው። በወረራው ዘመን የመጣው ፊያት 634 ከቍጥሩ መጨረሻ ትሬንታ ኳትሮ ይባል ነበር። በኋላ ደግሞ ፊያት 682 መጣ፤ ኤንትሬ የሚባለው ከዚህ ወገን ነው። በዚያ ዘመን በኢጣልያ ታላላቅ ካሚዮኖች መሪያቸው በቀኝ ወገን ነበር፤ በኢጣልያ ግን መኪና የሚሄደው በቀኝ በኩል ነው። ይህ የተገለበጠ ነገር ይመስላል። ምክንያቱ ግን ተራራ ነው። በጠባብ የተራራ መንገድ ላይ የሚሄድ ሹፌር ሊፈራው የሚገባው ከፊት የሚመጣውን ብቻ ሳይሆን ከሥሩ የተከፈተውን ገደል ነው፤ በቀኝ ተቀምጦ አንገቱን በመስኮት ሲያወጣ ጎማው ከገደሉ አፋፍ ምን ያህል እንደ ራቀ በገዛ ዐይኑ ያያል። ጣርማ በርንና ሊማሊሞን ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ሌላ ትርጓሜ አያስፈልገውም።

የእነዚያ ካሚዮኖች ማርሽ እንደ ዛሬው ራሱን አስማምቶ አይገባም ነበር። ሹፌሩ ፍሪሲዮኑን ረግጦ ማርሹን ያወጣል፤ ፍሪሲዮኑን ይለቃል፤ ቤንዚን ወይም ናፍጣ ጥቂት ሰጥቶ የሞተሩን ዙር ያስተካክላል፤ ዳግመኛ ይረግጣል፤ ከዚያ ያገባል። ይህን ጊዜ የሚለካበት መሣሪያ አልነበረውም፤ መሣሪያው ጆሮው ነበረ። ዳገት ላይ ማርሽ የሳተ እንደ ሆነ ካሚዮኑ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፤ ያን ጊዜ ረዳቱ ከመወጣጫው ላይ ዘልሎ ወርዶ ታኮ የተባለውን ጕማጅ እንጨት ከኋላው ጎማ ሥር ይወትፋል። የሹፌሩም የመንገደኛውም የጭነቱም ነፍስ በዚያ ጕማጅ ላይ ነው። ረዳት የሚለው ስም ዛሬ ሒሳብ ለሚሰበስብ ወጣት ቀርቷል፤ የቀድሞው ረዳት ግን በእውነት የሚረዳ ነበረ፤ ለሹፌርነት የሚማረውም በዚያ ታኮ ነው። ከጠፉት ነገሮች ሁሉ እጅግ የሚያሳዝነው ይህ ትምህርት ነው እንጂ ብረቱ አይደለም። ብረቱን በሙዚየም ማስቀመጥ ይቻላል፤ የሹፌሩን ጆሮ ግን ማን ያስቀምጠዋል?

ይህ ነገር በቶሎ ሊደገም ቀርቧል። ኢትዮጵያ በ2016 ዓመተ ምሕረት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከልክላ በኤሌክትሪክ የሚሠሩት እንዲገቡ አደረገች። የኤሌክትሪክ መኪና ካንዴላ የለውም፤ ፍሪሲዮን የለውም፤ ሰልባትዮ የለውም፤ ጭስ የለውምና ማርሚታም የለውም። ማርሽ ለመለወጥም እጅ አይደክምበትም። ዛሬ ልጁን በጋራዥ የሚያስተምር መካኒክ እነዚህን ቃላት በዕቃው ላይ እጁን አሳርፎ ይነግረዋል፤ የልጁ ልጅ ግን ቃሉን ቢሰማ እንኳ ጣቱን የሚያሳርፍበት አያገኝም። ከቃላቱ አንዳንዱ እንደ ፍሬቻ ሌላ ዕቃ አግኝቶ ይኖር ይሆናል፤ አንዳንዱ ከዕቃው ጋራ ይቀበራል። የትኛው እንደሚኖር አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም፤ ሽማግሌዎቹ መካኒኮች በሕይወት ሳሉ ግን እያንዳንዱን ከነትርጓሜው መጻፍ ይቻላል። የኢጣልያን ቃል ነው ብሎ መናቅም አይገባም፤ ሰማንያ ዓመት በኢትዮጵያ ሰው አፍ የኖረ ቃል እንግዳ አይደለም።

ማኖቬላ ከሌሎቹ ይልቅ በዐዲስ አበባ ዕድሜው ረዝሟል። በ1966 የሶቪየት መንግሥትና ፊያት ተዋውለው ፊያት 124 የተባለው መኪና በሩስያ አገር እንዲሠራ ተደረገ፤ በ1970ም መሠራት ጀመረ፤ ወደ ውጭ ሲላክ ላዳ ተባለ። የሩስያ መሐንዲሶች የአገራቸውን ብርድ ፈርተው በኢጣልያው ላይ ያልነበረ አንድ ነገር ጨመሩበት፤ ይኸውም ከፊቱ በታች በኩል ማኖቬላ የሚገባበት ቀዳዳ ነው። እንዲህም ሆኖ ኬተሪንግ ከሻረው ከብዙ ዓመት በኋላ ያ ብረት በሰማያዊና በነጭ ታክሲ ውስጥ ተቀምጦ ኢትዮጵያ ገባ። በክረምት ጧት ባትሪው የሞተበት የላዳ ሹፌር ሰው ግፉልኝ ብሎ ሳይለምን ከወንበሩ ኋላ የተቈለመመውን ብረት አውጥቶ ከመኪናው ፊት ይንበረከካል፤ ብረቱን በቀዳዳው አግብቶ አውራ ጣቱን ከአራቱ ጋራ በአንድ ወገን ያደርጋል፤ አንድ ጊዜ ይስባል፤ ሁለተኛ ይስባል፤ በሦስተኛው ሞተሩ ይነሣል።