የሞል ክፍልፋይ

የሞል ክፍልፋይ፣ ተማሪዎች ሞል ፍራክሽን የሚሉት፣ በአንድ ድብልቅ ውስጥ ካሉት ቅንጣቶች ሁሉ የአንዱ ንጥረ ነገር ድርሻ ስንት እንደሆነ የሚገልጽ መለኪያ ነው። የንጥረ ነገሩ ሞል ለጠቅላላው ሞል ሲካፈል ይገኛል። ከ0 እስከ 1 ያለ፣ አሃድ የሌለው ቁጥር ሲሆን የሁሉም ድርሻ ተደምሮ 1 ይመጣል።

በበጋ የአፋር፣ የኦሮሞና የአርጎባ አርብቶ አደሮች ከብቶቻቸውን በከሚሴ ከተማ አካባቢ ወዳለው ጨፋ ረግረግ ይነዳሉ። 10 ግመልና 90 ፍየል ያለበት መንጋ ቢኖር በራስ ቆጠራ የግመሉ ድርሻ 0.1 ነው፤ ሚዛን ላይ ቢወጡ ግን ግመሎቹ ከግማሽ በላይ ይደፋሉ። የሞል ክፍልፋይ ራስ ቆጣሪ ነው። ሞለኪውል አንድ በአንድ ስለማይቆጠር በጅምላ ይቆጠራል፦ 1 ሞል 602 ሺህ ቢሊዮን ቢሊዮን ገደማ ቅንጣት ነው።

90 ግራም ውሃ ባለው አንድ ብርጭቆ ሻይ ውስጥ 8.55 ግራም፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ያህል፣ ስኳር ይሟሟ። የቅጠሉን ነገር እንተወው። አካፋዩ የ1 ሞል ክብደት በግራም ነው፦ 90 ለ18 ሲካፈል 5 ሞል ውሃ፣ 8.55 ለ342 ሲካፈል 0.025 ሞል ስኳር ይሆናል። ጠቅላላው 5.025 ነውና የስኳሩ የሞል ክፍልፋይ 0.005 ገደማ ነው። በክብደት 8.7 በመቶ የሆነው ስኳር፣ በቁጥር ሲታይ ለ200 የውሃ ሞለኪውል አንድ ብቻ ነው። ሻዩ ቢግል ቢቀዘቅዝም፣ እስካልተነነ ድረስ ይህ ቁጥር አይለወጥም፤ በሊትር የሚሰላው ሞላሪቲ ግን ፈሳሹ በሙቀት ሲሰፋ ይቀንሳል።

የሞል ክፍልፋይ ለጋዝ ድብልቅም ይሰላል። እ.ኤ.አ. በ1776 ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ ከሐይቅ ዳር ረግረግ የሰበሰበው ተቀጣጣይ አረፋ ሚቴን ነበር። እበት ያለ አየር ሲብላላም ይኸው ጋዝ ይወጣል። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ለገጠር ቤቶች ያሰበው ይህንኑ ነው። 48 ግራም ሚቴንና 88 ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያለው ባዮጋዝ፣ 48 ለ16 ሲካፈል 3 ሞል፣ 88 ለ44 ሲካፈል 2 ሞል ይይዛል። የሚቴኑ ክፍልፋይ 3 ለ5፣ ማለትም 0.6 ነው፤ በክብደት ግን 35 በመቶ ብቻ ነው። ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ በጠቅላላው ማካፈሉን ትቶ በሌላኛው ያካፍላል። በሻዩ ላይ ስህተቱ ከቁጥር አይገባም፤ በባዮጋዙ ላይ ግን 1.5 ይወጣና ራሱን ያጋልጣል።

ለጋዝ ሌላም ጥቅም አለው። የሞል ክፍልፋዩ በጠቅላላ ግፊት ሲባዛ የዚያን ጋዝ ከፊል ግፊት ይሰጣል፤ ይህ የዳልተን ሕግ ነው። በደረቅ አየር ውስጥ የኦክስጅን ክፍልፋይ ከሚሴም ደሴም ያው 0.21 ነው። ከባሕር ወለል በ1,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ከሚሴ የአየር ግፊቷ 85 ኪሎ ፓስካል ያህል ነው፤ በኮምቦልቻ በኩል ሽቅብ ወጥቶ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ደሴ ሲደረስ ወደ 75 ይወርዳል። የኦክስጅኑ ከፊል ግፊትም ከ18 ወደ 16 ኪሎ ፓስካል ገደማ ይቀንሳል።